ከሌሊት ዚክር እስከ ዓለም ገበያ፦ የአንዲት ሲኒ ቡና ታሪክ



ዛሬ የምናወጋው በየቀኑ እጃችን ላይ ስለምትገኝ ነገር ነው፤ ስለ አንዲት ሲኒ ቡና። መጀመሪያ ረከቦቱ ላይ የተደረደረውን ዕቃ በስሙ እንየው። «ሲኒ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የቻይና» ማለት ነው፤ ድሮ በባሕር ነጋዴዎች እጅ ከቻይና ይመጣ የነበረው ነጭ ሸክላ የሚጠራበት ስም ነበር። «ፍንጃል» ዐረቦች «ፊንጃን» የሚሉት ነው። «ጀበና»ን የመንና ሱዳንም በዚሁ ስም ያውቋታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስንል ደግሞ «አወል»፣ «ሣኒ»፣ «በረካ» እያልን መቁጠራችን እንደሆነ ብዙዎች ያስረዳሉ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ በረከት። ተክሉ የሐበሻ፣ አጠራሩ የዐረብ፣ ስኒው የቻይና! አንድ ረከቦት ላይ የሦስት አገር ታሪክ ተቀምጧል።

ብዙዎቻችን ስለ ቡና ስንናገር «ቡና የኛ ነው፣ ለዓለም የሰጠነው እኛ ነን» ብለን እናቆማለን። እውነት ነው። ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አያልቅም፤ እንዲያውም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ይኸው አንድ መጠጥ በአንዱ ዘመን ሰው ለዒባዳ እንዲነቃ ረድቷል፤ በሌላው ዘመን ሰውን በሰንሰለት አስሯል። በአንዱ ስፍራ ጎረቤትን ከጎረቤት ለይቷል፤ በሌላው አስታርቋል። ፍሬው ያው ፍሬ ነው። የተለያየው የያዘው እጅ ነው። ይህን በዝርዝር እንመልከት። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጫካው ወደ የመን

ዛሬ ዓለም በብዛት የሚጠጣው «አረቢካ» የሚባለው የቡና ዝርያ መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው፤ ከፋ፣ ጅማ፣ ኢሉባቦር። ስሙ «የዐረብ» ቢልም ሳይንቲስቶች የተክሉን ዘር መርምረው ያረጋገጡት ይህንኑ ነው። ስሙ እንደዚያ የወጣው አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት ከዐረቦች እጅ ስለተቀበሉት ነው።

ፍየሎቹ ፍሬውን በልተው ሲጨፍሩ ስላየው ስለ እረኛው ካልዲ የሚነገረውን ሁላችንም ሰምተናል። ይህ ተረት በጽሑፍ የወጣው በ1671 ሮም ውስጥ ሲሆን እረኛውም በዚያ ጽሑፍ «ካልዲ» ተብሎ አልተጠራም፤ ስሙ በኋላ የተጨመረ ነው። ተረቱን ለልጆች ማውራት ይቻላል፤ ታሪክ ብሎ መያዝ ግን አይገባም። በጽሑፍ የተያዘው ታሪክ ከፍየሎቹ ይልቅ በሰዎች የተሞላ ነውና ከተረቱ የበለጠ ይጥማል።

ዐብዱልቃድር አል-ጀዚሪ የተባሉ ዓሊም በ1550ዎቹ ስለ ቡና ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። በእሳቸው ዘገባ መሠረት ቡናን በዐደን ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ በ1470 ገደማ የሞቱት ሸይኽ ሙሐመድ አዝ-ዘብሓኒ ናቸው። ሸይኹ ከቀይ ባሕር ወዲህ፣ ማለትም እኛ ባለንበት አቅጣጫ ወዳለው አገር ተሻግረው ሳለ ሰዎች ቡና ሲጠቀሙ አዩ። ወደ ዐደን ተመልሰው ሲታመሙ ያን አስታውሰው ጠጡት፤ ድካምንና እንቅልፍን የሚያባርር ሆኖ አገኙት። ከዚያም ለሌሊት ዚክር የሚሰበሰቡ ሰዎች ከእሳቸው ተቀበሉ። የሙኻ ከተማ ሰዎች ደግሞ ይህን ክብር በ1418 ለሞቱት ለሸይኽ ዐሊይ ኢብን ዑመር አሽ-ሻዚሊ ይሰጣሉ፤ እሳቸውም ሐበሻ ምድር ኖረው እንደነበር ይተረካል።

ሁለቱም ትረካዎች የሚስማሙበት ነገር አለ። ቡና ከኢትዮጵያ የወጣው በወራሪ ጦር ወይም በንጉሥ ስጦታ አይደለም፤ በዕውቀት ፈላጊዎችና በነጋዴዎች እጅ ነው። መጀመሪያ የተፈለገበትም ጉዳይ ገንዘብ አልነበረም፤ ከዒሻ እስከ ሱብሒ ነቅቶ ለመቆየት ነው።

የመካ ችሎት፣ 1511

ቡና ከየመን ወደ መካና ወደ ካይሮ ዘለቀ። ያን ጊዜ አንድ ትልቅ ጥያቄ ተነሣ፦ ይህ አዲስ መጠጥ ሐላል ነው ወይስ ሐራም?

በሰኔ 1511፣ በሂጅራ 917 ማለት ነው፣ የመምሉኮች ሹም የነበረው ኻኢር ቤግ በመካ መስጂድ አቅራቢያ ሌሊት ሰዎች ፋኖስ አብርተው አንድ ነገር እየተቀባበሉ ሲጠጡ አየ። ምንድን ነው ሲል «ቀህዋ» አሉት። በማግስቱ ዓሊሞችን ሰበሰበ። ዓሊሞቹ ለመልካም ያልሆነ ስብስብ መከልከሉን ተቀበሉ፤ መጠጡን በተመለከተ ግን ነገሮች ሁሉ ክልክልነታቸው እስካልተረጋገጠ ድረስ የተፈቀዱ ናቸው፣ ጉዳት አለው ከተባለ ሐኪሞች ይጠየቁ አሉ። ሁለት ወንድማማች ሐኪሞች ቀርበው ጎጂ ነው ብለው መሰከሩ። ከተገኙት አንዱ «እንደ ኸምር ያሰክራል» ብሎ ሲናገር «አንተ የኸምርን ስካር በምን አወቅህ?» ተብሎ ራሱ መቀጣቱ ሲተረክ ኖሯል።

በዚያ ችሎት ቡና ተከለከለ፤ የተገኘው በየመንገዱ ተቃጠለ፤ ሻጮችም ተገረፉ። ኻኢር ቤግ ውሳኔውን ወደ ካይሮ ላከ። ከሱልጣን ቃንሱህ አል-ጘውሪ የመጣው መልስ ግን እሱ እንደጠበቀው አልነበረም። ሱልጣኑ ቡናን ተገን አድርገው የሚደረጉ ብልሹ ስብሰባዎች እንዲከለከሉ አዘዙ፤ መጠጡን ራሱን ግን ሐራም አላሉም። በዓመቱ ኻኢር ቤግ ከሥልጣኑ ተነሣ፤ ቡናም ወደ መካ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ለወጣቶች ስንነግር ሁለት ነገር እንዲይዙ እንፈልጋለን። አንደኛ፣ አዲስ ነገር ሲመጣ ዓሊሞቹ የጠየቁት ጥያቄ ቀጥተኛ ነበር፦ ማስረጃው ምንድን ነው? ጉዳቱስ በማን ተረጋገጠ? ሁለተኛ፣ ዕቃውንና ዕቃው የሚውልበትን ነገር ለይተው አዩ። ዛሬ በእጃችን ያለውን ስልክ በተመለከተም ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አናገኝም።

ገዢዎች የፈሩት ምኑን ነው?

በ1550ዎቹ አጋማሽ ሁለት የሶርያ ሰዎች፣ አንዱ ከሐለብ ሌላው ከደማስቆ፣ ኢስታንቡል ውስጥ ቡና ቤት ከፈቱ። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ከቤቱ፣ ከመስጂዱና ከገበያው ውጪ ተቀምጦ የሚያወራበት ቦታ እምብዛም አልነበረም፤ መጠጥ ቤት እንዳይገባ ሃይማኖቱ ይከለክለዋል። ቡና ቤት ይህን ክፍተት ሞላ። ባለ ሥልጣኑም፣ ጸሐፊውም፣ ሥራ ፈቱም አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ሰው ከተቀመጠ ያወራል፤ ካወራ ደግሞ መንግሥትን ያማል። በ1633 ሱልጣን ሙራድ አራተኛ ቡና ቤቶችን ያዘጋው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ የሙስሊም ገዢዎች ብቻ አልነበረም። ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ቡና ቤት በ1652 ተከፈተ፤ የከፈተው ፓስኳ ሮዜ ከኦቶማን ግዛት ከመጣ ነጋዴ ጋር አብሮ የመጣ አገልጋይ ነበር። በ1675 መጨረሻ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ «ሐሰተኛ ወሬ የሚፈለፈልባቸው ናቸው» በሚል መንፈስ የእንግሊዝ ቡና ቤቶች እንዲዘጉ ዐወጀ። ሕዝቡ ስለተቃወመ ዐዋጁ ሥራ ላይ ሳይውል በቀናት ውስጥ ተነሣ። ከካይሮ እስከ ለንደን ገዢዎች የፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ሰክሮ የሚጮኸውን ሳይሆን ነቅቶ የሚያስበውን ሰው።

ከለንደን ቡና ቤቶች አንዱ የኤድዋርድ ሎይድ ነበር። የመርከብ ባለቤቶችና ነጋዴዎች እዚያ ተቀምጠው ስለ ባሕር ወሬ ይለዋወጡ፣ የጭነታቸውን አደጋ ይከፋፈሉ ነበር። ከዚያ ጠረጴዛ ተነሥቶ ዛሬ በዓለም ስሙ የገነነው የሎይድስ የኢንሹራንስ ገበያ ተመሠረተ። ሌላው፣ ጆናታን የተባለው ቡና ቤት፣ የአክሲዮን ዋጋ የሚለጠፍበት ሆኖ ለለንደን የአክሲዮን ገበያ መነሻ ሆነ። ቡና ጠጥቶ ወሬ ማውራት እኛም እናውቅበታለን። እነሱ ግን ወሬውን በወረቀት ጻፉት፤ ጽሑፉም ተቋም ሆነ።

ዘሩን የያዘ ገበያውን ያዘ

ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ የዓለም ቡና ማለት የየመን ቡና ነበር። ተራራው ላይ ይለቀማል፣ በይት አል-ፈቂህ በተባለው ገበያ ይሸጣል፣ ከሙኻ ወደብ ይጫናል። ዛሬም በየካፌው «ሞካ» የሚባለው ስም የዚያች ወደብ ስም ነው። የየመን ሰዎች ዘሩ እንዳይወጣ ይጠነቀቁ ነበር። በሕንድ የሚተረክ ትውፊት እንደሚለው ባባ ቡዳን የተባሉ ሱፊ ከሐጅ ሲመለሱ ሰባት ፍሬ ይዘው ወጥተው በደቡብ ሕንድ ቺክማጋሉር ተራሮች ተከሉ። ሆላንዶች በ1690ዎቹ ቡናን ወደ ጃቫ ደሴት ወሰዱ። በ1706 ከጃቫ አንድ ችግኝ ወደ አምስተርዳም ተላከ። በ1714 የአምስተርዳም ከንቲባ ከዚያው ዘር አንድ ችግኝ ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ። ከነዚህ ጥቂት ችግኞች ዘር ቡና ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻገረ፤ በ1727 ብራዚል ገባ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይጨልማል። ጃቫ ውስጥ ገበሬው ቡናን በግዳጅ ተክሎ ሆላንዶች በወሰኑት ዋጋ እንዲያስረክብ ተደረገ። ዛሬ ሄይቲ የምንላት የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በ1780ዎቹ መጨረሻ ከዓለም ቡና ግማሽ ያህሉን ታመርት ነበር። ያን ቡና የሚለቅሙት ከአፍሪካ ተይዘው የተወሰዱ ባሮች ሲሆኑ ቁጥራቸው ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። በ1791 ተነሡ፤ በ1804 ነፃ አገር መሠረቱ። ገበያው ግን አልቆመም፤ ወደ ብራዚል ዞረ። ብራዚል ባርነትን የሻረችው በ1888 ነው፤ እስከዚያ ድረስ የቡናዋ ሀብት በባሮች ጉልበት ተገንብቷል። ፓሪስ ውስጥ ስለ ነፃነት እየተከራከሩ የሚጠጡት ቡና የባሪያ ላብ ነበረበት።

ሻይም ከዚህ የተለየ ታሪክ የለውም። እንግሊዞች የቻይናን ሻይ የሚገዙበት ብር ሲያንሳቸው ሕንድ ውስጥ ያመረቱትን ኦፒየም ለቻይና አቀረቡ፤ ቻይና ስትከለክል በ1839 ጦርነት ተከፈተ። የዛሬዋ ስሪላንካ ደግሞ መጀመሪያ የቡና አገር ነበረች። ከ1869 ጀምሮ የቅጠል ዋግ የሚባለው በሽታ ቡናዋን ስለጨረሰው ገበሬዎቿ ወደ ሻይ ዞሩ። ያ ሁሉ ቡና ከጥቂት ችግኞች የተዛመተ ስለሆነ በሽታ ሲመጣ የሚቋቋም ዝርያ አልነበረውም። ልዩ ልዩው ዘር የቀረው የት ነው? እዚሁ፣ በከፋና በጅማ ደን ውስጥ።

በኛ ተራሮችስ?

ቡናው ከዚህ ወጥቶ ዓለምን ሲዞር እኛ ባለንበት በሰሜኑ ደጋ ምን ይሆን ነበር? መልሱ ብዙ ወጣቶችን ያስገርማል፤ ለረጅም ዘመን የደጋው ክርስቲያን ቡና አይጠጣም ነበር።

የላስታ ተራሮች የገብስና የማር አገር ናቸው። ላሊበላ የሚለው የንጉሡ ስም ራሱ በትውፊት ከንብ ጋር ተያይዞ ይተረጎማል፤ ንቦች ንጉሥነቱን ዐወቁለት ይባላል። ማር ለገዢዎች ይገበር ነበር፤ ጠጅም በግብር ማዕድ ላይ የክብር መለኪያ ነበር። የገበሬው መጠጥ ጠላ ነው። ሙስሊሙ ደግሞ አስካሪ ስለማይጠጣ ብርዙንና ቀሪቦውን ይዞ ይቀመጣል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቡና አይበቅልባትም። ላስታ ላይ የሚጠጣ ቡና ሁሉ በእንስሳ ጀርባ ወይም በመኪና የመጣ ነው። እናም እዚህ የቡና ታሪክ ማለት የነጋዴ ታሪክ ማለት ነው።

ነጋዴው ደግሞ በአብዛኛው ሙስሊም ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሰሜኑ ክርስቲያን መንግሥት ሙስሊሙ በብዙ ቦታ ርስት አይይዝም፤ በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ደግሞ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲሰፍር ተወሰነ፤ የጎንደሩ እስላም ቤት ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። መሬት ያጣ ሰው መንገድን ርስቱ አደረገ። የጀበርቲ ነጋዴዎች ቅፍለት ከእናሪያና ከከፋ ተነሥቶ፣ ጎጃምን አቋርጦ፣ በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ይወርድ ነበር። ከሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ከአፋር የሚወጣው አሞሌ ጨው በሰቆጣ ገበያ በኩል ወደ መሐል አገር ይገባ ነበር። አሞሌ ገንዘብም ነበር። አንዳንድ አያቶቻችን ቡናን በስኳር ሳይሆን በጨው ይጠጡት የነበረው ለዚህ መንገድ ቅርብ ስለሆኑ ይመስላል። ጨውና ቡና ሁለቱም የቅፍለት ልጆች ናቸው።

እውነቱን ሙሉ እንናገር ካልን፣ በዚያው ቅፍለት ከቡናው፣ ከወርቁ፣ ከዝሆን ጥርሱና ከዝባዱ ጋር ሰዎችም በባርነት ይነዱ ነበር፤ ከነጋዴዎቹ መካከል የኛዎቹ ነበሩበት። የብራዚልን ጥፋት ቆጥረን የራሳችንን ብንሸፍን ታሪክ ጻፍን ማለት አይቻልም። ዐደብ ያለው ሰው ሚዛኑን ለራሱም ያደርጋል።

ሲኒ ድንበር የሆነበት ዘመን

ቡናን ያመጣው ሙስሊም፣ የሚጠጣውም ሙስሊም ስለሆነ ቡና የሃይማኖት ምልክት ተደርጎ ተቆጠረ። በወሎ የሙስሊሙ የዕውቀት ማዕከላት፣ በየጁ ዳና፣ በራያ አና፣ በደቡቡም ጀማ ንጉሥ፣ ደረሳው ሌሊቱን የሚቀራበትና መንዙማ የሚባልበት አዳር ያለ ቡና አይታሰብም። ውዳጃ የሚባለው የጋራ ዱዓም ከጀበናው ጋር ነው። (ስለ አፈጻጸሙ ዓሊሞች የሚያነሱት ውይይት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።) በሌላ ወገን ያለው ቄስ ይህን ሲያይ ቡና መጠጣትን የእስልምና መንገድ አድርጎ ቆጠረው፤ ምእመኑንም ከለከለ። በ19ኛው መቶ ዓመት አገራችንን የጎበኙ ተጓዦች የደጋው ክርስቲያን ከቡና እንደሚርቅ ጽፈዋል።

ያ ዘመን ለወሎ ሙስሊም ከባድ ነበር። በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሱ ወሰኑ። የተሰደደ ተሰደደ፣ እንደ ሸይኽ ጦልሓ ኢብን ጃዕፈር ያለው ተቃወመ፣ ሌላው ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። አንድ ሰው የሚጠጣው ነገር ማንነቱን በሚያጋልጥበት አገር ቤት ውስጥ የሚሸት የቡና ጭስ ቀላል ነገር እንዳልሆነ መገመት አያስቸግርም።

ታዲያ ያ ድንበር እንዴት ፈረሰ? የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት ቡና በክርስቲያኑ ዘንድ በፍጥነት የተስፋፋው ከ1880 እስከ 1886 ባሉት ዓመታት ነው። ለዚህም ሁለት ሰዎችን ይጠቅሳሉ። አንዱ ምኒልክ ናቸው፤ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር። ሁለተኛው አቡነ ማቴዎስ ናቸው፤ «ቡና የእስላም መጠጥ ነው» የሚለውን የካህናቱን እምነት ለማስቀረት ብዙ ደክመዋል። አቡነ ማቴዎስ የመጡት ከግብፅ ነው፤ በግብፅ ደግሞ ቡና የሙስሊሙም የክርስቲያኑም መጠጥ ከሆነ ቆይቷል። ከሐበሻ በሱፊዎች እጅ የወጣው ቡና ካይሮ ደርሶ፣ ከካይሮ በመጡ ጳጳስ አንደበት ተመስክሮለት ወደ ደጋችን ክርስቲያን ቤት ገባ ማለት ነው። ሱብሓነላህ! መንገዱ እንዴት ይዞራል።

ዛሬ ላሊበላ ውስጥ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል። የሚጠራው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን አይጠየቅም። ሥጋው ይለያያል፣ ጾሙ ይለያያል፣ ሲኒው ግን አንድ ነው። ይህ ከጥንት የነበረ የሚመስለው ልማድ ዕድሜው አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። ሰዎች አስበውበት የሠሩት ነው፤ ስለዚህም ካልጠበቁት ሊፈርስ ይችላል። በዚህ በከበደን ዘመን፣ ጦርነት መንገዱን ሲዘጋውና እንግዳ ከከተማችን ሲጠፋ፣ ብዙ ቤት የያዘው ጎረቤት ከጎረቤት የሚካፈለው ያ ቡና ነው።

ስምና ዋጋ

ወደ ገበያው እንመለስ። የጅቡቲ ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ቡና የአገሪቱ ዋና የወጪ ንግድ ለመሆን መንገድ አገኘ። ዛሬ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ቀዳሚ ቡና አምራች ናት፤ ከምታመርተውም ግማሽ ያህሉን እኛው እንጠጣዋለን። ዋጋው ግን እዚህ አይወሰንም። አገሮች የሽያጩን መጠን ተስማምተው የሚከፋፈሉበት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1989 ፈረሰ። በ2001 አንድ ፓውንድ ቡና በዓለም ገበያ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ፤ አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው። በሐረርጌ ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ።

ሁለት ምሳሌ እንጨምር። በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራባችን ከጌሻ አካባቢ የቡና ዘር ተወሰደ፤ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ አድርጎ ፓናማ ደረሰ። በ2004 የፓናማ ገበሬዎች ያን ቡና «ጌይሻ» ብለው ለውድድር አቀረቡት፤ በጨረታ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ። በዚያ ወቅት ተራው ቡና 1 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ዘሩ የኛ፣ ስሙም ከኛው፣ ገንዘቡ ግን የነሱ። ቀምተውን ነው እንዳንል እነሱ የሠሩት ሥራ አለ፤ ለይተው ተከሉት፣ ጥራቱን ጠበቁ፣ ስሙን አሳወቁ።

ሁለተኛው ምሳሌ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትጠይቅ የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋርም ብዙ ተከራከረች። በመጨረሻ በሰኔ 2007 ኩባንያው ለስሞቹ ዕውቅና የሚሰጥ ስምምነት ከኢትዮጵያ ጋር ፈረመ። ይህን ያመጡት ሕግ ያወቁ፣ የስምን ዋጋ የተረዱ፣ ወረቀታቸውን ያዘጋጁ ሰዎች ናቸው።

ለኛስ?

ውድ ወጣቶች፣ ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ ብንጠየቅ ይህን እንላለን፦ «የኛ ነው» ማለት ሥራ አይደለም። ቡና ከኛ ጫካ መውጣቱ የአላህ ስጦታ ነው፤ በስጦታ ልንኮራበት ሳይሆን ልንጠየቅበት ነው የሚገባን። የየመን ሸይኾች ለዒባዳ ተጠቀሙበት። የመካ ዓሊሞች ዕውቀትን ተከራከሩበት። የለንደን ነጋዴዎች ተቋም መሠረቱበት። የቅኝ ገዢዎች ሰው አሰሩበት። የዚህ አገር ሰዎች መጀመሪያ ተለያዩበት፣ በኋላ ታረቁበት። አሁን ተራው የኛ ነው።

ከከተማችን ጎዳና ዳር ረከቦት ዘርግታ የምትሸጥ እህታችን ነጋዴ ናት፤ የጀበርቲዎቹ ቅፍለት ተከታይ ናት። የምትሸጠው ቡና ከየት እንደመጣ ብታውቅ፣ ሒሳቧን በደብተር ብትይዝ፣ ለእንግዳው ታሪኩን ብትነግር ዋጋው ይለወጣል። ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ሻንጣ የሚያዘጋጅ ወንድማችንም ይወቅ፤ በዚያ ባሕር ላይ ከመቶ ዓመታት በፊት ከኛ ምድር የተሻገረው ዕውቀትና ንግድ እንጂ ጉልበት ብቻ አልነበረም። ሕግ፣ ሒሳብና ቋንቋ የሚማር ልጅ ሸይኽ አዝ-ዘብሓኒ ከተሻገሩበት መንገድ አልራቀም፤ እሳቸውም ባሕር ተሻግረው ያዩትን በልባቸው ይዘው የተመለሱ ሰው ናቸው።

የመጨረሻው አደራ ቀላል ነው። ሦስተኛውን ሲኒ «በረካ» ብለው የሰየሙት ሰዎች በረካ ያለው አብሮ በመቆየት እንደሆነ ያውቁ ነበር። አቦልን ጠጥቶ የሚሮጥ ጥድፊያው ያመለጠውን አያውቅም። ጎረቤታችሁ ሲጠራችሁ ሂዱ፤ እናንተም ጥሩ። ስልኩን ገሸሽ አድርጋችሁ ሦስተኛዋን ጠብቁ።

ወላሁ አዕለም።